የጎሬው ካሴት ሁለተኛ ገጽ

ለናፈቅሽኝ፣ ከእማዬ ቀጥሎ በዚህ ዓለም ላይ ለቀረሽኝ ለእህቴ ለቢሊሴ ነገራ፤ ባለሽበት በሰላም ያግኝሽ።

እንደምን አለሽ? ጤናሽን እንዴት ይዞሻል? የእጅሽ ቁስልስ ደረቀልሽ ወይ? በረኪናው ጣቶቼን ላጠኝ ብለሽ ከጻፍሽልኝ ወዲህ ልብስ ባጠብኩ ቁጥር የገዛ እጄን አገላብጬ አያለሁ። ጉልበትሽስ፣ ያን ሁሉ ደረጃ መውጣት መውረዱን ለመደው? እንቅልፍ ያስተኙሻል? እመቤትሽ ትንሽ ተሻለች ወይስ ያው እንደ ድሮዋ ናት? እኛ ተመስገን፣ ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ ቆመን እንሄዳለን፣ የቀረበልንን እንበላለን ማለቴ ነው፤ ሌላውን ሆድ ይፍጀው። እማዬ እግሯን ያማታል፣ ቤተ ክርስቲያን መሳለሙን ግን አልተወችም። አጎታችን ጋሼ ቀጀላ እንደምታውቂያቸው ናቸው፤ ሳልና ምክር አያልቅባቸውም። እኔም የስፌት መኪናዬን ሱፊያን ሙዚቃ ቤት በረንዳ ላይ እንደዘረጋሁ አለሁ።

ዘንድሮ ዝናቡ እስከ ኅዳር አልለቀቀንም። ቡናው በየደጁ ተሰጥቶ ሰው ሁሉ ሰማይ ሰማይ እያየ ይሮጣል። የቤታችን ወሬ ግን ዝምታው ነው። ወንድማችን ሂካ ካረፈ ወዲህ አንድ ካሴት ተከፍቶ አያውቅም። እማዬ ቴፑን በነጠላ ጠቅልላ ቁም ሳጥኑ ላይ አውጥታዋለች፤ ዓመቱ ሳይወጣ ማንም አይነካውም። ሱፊያን እንኳ፣ ማንም ሳያስገድደው፣ ሱቁ በር ላይ ያለውን ሞንታርቦ ፊቱን ከኛ ቤት ወደ መናኸሪያው አዙሮታል። አርባው ካለፈ በኋላ እማዬ ራሷ ሄዳ፣ ልጄ እንጀራህ ነው፣ ወደ ቦታው መልሰው ብላዋለች። እሺ እማማ አላት። እስከ ዛሬ አልመለሰውም።

ደብዳቤሽ በጥቅምት ደረሰኝ። መልሱን ያዘገየሁት ሰንፌ እንዳይመስልሽ፤ እንዴት ብዬ እንደምጽፈው ቸግሮኝ ነው። መጀመሪያ ደስ የሚለውን ላስቀድም። ከመድረክ ከተቀዱት ካሴቶቻችን የትኛውን ትወጂያለሽ ብለሽ ጠይቀሽኛል፤ አንቺማ ሳህን እያጠብሽ በልብሽ አንድ በአንድ ታጫውቻቸዋለሽ አሉ። እኔም ስፌት ላይ ሥራዬ እሱ ነው። ስቱዲዮ ገብተው፣ በር ዘግተው የሚቀዱት ዘፈን ያምራል፣ አያምርም አልልም፤ ሰው የለበትም እንጂ። የመድረኩ ካሴት ውስጥ ግን የሚያስል አለ፣ የሚሳደብ አለ፣ ልጇን የምትጣራ አለች። እኛም አለንበት።

የሁሩሙውን አልረሳሽም አይደል? ሶር ባንድ፣ የነሂካ ባንድ፣ ገና በኪራይ ሞንታርቦ ሲሠራ፣ በገበያ ቀን አይሱዙ ላይ ወጥተው የዘፈኑት። ማር ሻጮቹ ከመኪናው ጎን ተደርድረው ስለነበር ንቡ ሁሉ መድረክ ላይ ወጣ። ፍስሐን ትራምፔቱን ሲነፋ ንብ ከንፈሩን ነደፈውና ከሁለተኛው ዘፈን ጀምሮ ትራምፔት የሚባል ነገር የለም። በምትኩ ሂካ ሳቁን መያዝ አቅቶት ግጥሙ ሲጠፋበት ነው የሚሰማው። ደግሞ ያን የፍቅር ዘፈን ሊጨርስ ሲል፣ ትመጫለሽ ወይ ብሎ ሲለምን፣ የአንዱ ገበያተኛ በቅሎ ጮኸች። ገበያው በሳቅ ሲያልቅ፣ ሂካም ይቺስ ቁርጡን ነገረችኝ ሲል ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ያን ካሴት የሂካ ጓደኛ አብነት ለአንድ ቀን ብሎ ተዋሰው፤ እንደተዋሰው ቀረ። ስጠይቀው ኖፓ ወረዳ ላለ ዘመዱ አውሶታል፣ የኖፓው ዘመድ ደግሞ ለሠርግ አውሶታል። መቼም በኛ አገር ካሴት አውሶ የተመለሰለት ሰው አይቼ አላውቅም።

የመቱ ስታዲየሙ ደግሞ አለ። ከአዲስ አበባ ትልቅ ባንድ መጣ ተብሎ ከተማው ሲናጥ ሱፊያን ቴፑን ጃኬቱ ውስጥ ደብቆ የቀዳው። ባንዱ ከሩቅ እንደ ጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል፤ ከቅርብ የሚሰሙት ጎረቤታችን እትዬ ጥሩ ናቸው፣ ወንበሬን ማን አነሳው ብለው ሲጣሉ። እኛም ዘፋኙን ትተን የሳቸውን ጠብ ቃል በቃል ሸምድደን ነበር፤ ሂካማ ድምፃቸውን ሳይቀር ያወጣው ነበር። በቀደም ቀሚስ ሊለኩ መጥተው ይህን ብነግራቸው ተቆጡኝ። ትንሽ ቆይተው ግን ወንበሩ እኮ እውነትም የኔ ነበር አሉ። ሳቅሁ፤ ከሳቅሁ በኋላ ለማን ልንገረው ብዬ ዞር ስል ሂካ የለም። እንዲህ ነው የሚያደርገኝ።

የጎሬውን ከነዚህ ጋር አልቆጥረውም፣ አንቺም አትቆጥሪውም። የዘጠና አራት እንቁጣጣሽ ከሰዓት በኋላ፣ ኮረብታው ላይ ያለው አዳራሽ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው። አንቺ ባሕር ማዶ ልትሄጂ ጥቂት ቀርቶሽ ነበር፤ የሂካን ጃኬት ታቅፈሽ ከመድረኩ ሥር ቆመሻል። ዘፈኑ መሐል ላይ መብራት ሄደ። ሞንታርቦው ሞተ፣ ኦርጋኑ ሞተ፣ ሰዉ ኡ አለ። የሱፊያን ቴፕ ግን በባትሪ ድንጋይ ነበርና መቅዳቱን ቀጠለ። ሂካ ማይኩን አስቀምጦ ወደ መድረኩ ጫፍ መጣና መብራት ሄደ እንጂ እኛ የት ሄድን አለ። በባዶ ጉሮሮው ጀመረ። ዝናቡ ሊውጠው ሲል ተቀበልሽው። አይዞሽ ቢሊሴ፣ አውጪው ሲልሽ አዳራሹ በሙሉ ተከተለሽ። ከዚያ ወዲያ ዝናቡና ሰዉ አንድ ላይ ነበሩ። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ቆሜ ነበር፤ ወንድሜ እንዲህ ያለ ሰው መሆኑን ያወቅሁት ያን ለት ነው።

ሲወርድ በላብ ተነክሮ፣ ይህን ካሴት ይዤ አዲስ አበባ እሄዳለሁ፣ አሳታሚ አሰማበታለሁ ማለቱን ታስታውሻለሽ። ዜማው እንዳይሰረቅበት ሱፊያንን አንድ እንኳ እንዳያባዛ አስማለው። ጓደኞቹ እንዳይዋሱት ደግሞ ስሙ የተጻፈበትን ወረቀት ልጦ፣ የእንግሊዝኛ ማስተማሪያ በሚል የካሴት ሽፋን ውስጥ ደበቀው። ይህን የሚለምነኝ የለም ብሎ ሲስቅ ሰምተነዋል። እውነቱን ነበር፤ ማንም አልለመነውም። አዲስ አበባም ሳይሄድ ያ የጉበት በሽታ ጣለው፤ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ሆዱ ተነፍቶ፣ የማያልፍ ሌሊት ሲቆጥር ከርሞ ባለፈው ጥር መባቻ አረፈ።

እና የጎሬውን ላኪልኝ፣ በእንግሊዝኛው ሽፋን ውስጥ ነው ብለሽ ጻፍሽልኝ። ሐዘን ላይ ብንሆንም ለመላክ እንጂ ለመስማት አይደለም ብዬ እማዬ ቤተ ክርስቲያን በሄደችበት የሂካን ሳጥን ከፈትኩ። ሽፋኑ አለ። ውስጡ ባዶ ነው።

ጋሼ ቀጀላን ጫማቸውን ከጭቃ ሲጠርጉ አገኘኋቸውና እንደ ዋዛ ጠየቅኋቸው። አይ እሱ እኮ ለቢሊሴ ለቅሶውን የቀዳሁበት ነው አሉኝ። በቀብሩ ማግስት እማዬ፣ ቢሊሴ የወንድሟን ሬሳ አላየች፣ አፈር አላለበሰች፤ ለቅሶውን ቅዱላትና ድርሻዋን ታልቅስ ብላ ነበር። ባሕር ማዶ ልጅ ያለው ሁሉ የሚያደርገው ነው። ሱቁ በሐዘናችን ምክንያት ዝግ ነበር፤ ሱፊያን ራሱ ድንኳን ውስጥ እንግዳ ያስተናግዳል። ጋሼ ባዶ ካሴት ፍለጋ ሳጥኑን ሲያገላብጡ እንግሊዝኛ የሚል አገኙ። ከእንግዲህ እዚህ ቤት እንግሊዝኛ የሚማር ማን አለ ብዬ ነው አሉኝ። ከካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች ሱፊያን ማንም እንዳይቀዳበት ሰብሯቸው ነበር። ጋሼ ደግሞ መቱ ውስጥ ልጅ አዋቂው የሚያደርገውን አደረጉ፤ ወረቀት አላምጠው ቀዳዳውን ደፈኑት። በእጄ ደፍኜ፣ ድንኳኑ ውስጥ ቴፑን ጭኔ ላይ ይዤ የቀዳሁላት እኔ ነኝ ሲሉኝ ፊታቸው በራ። እጅዎ ይባረክ ብዬ ወጣሁ።

ገብቶሻል አይደል? በሂካ ድምፅ ላይ የሂካን ለቅሶ ቀዳንበት። አንድ ጊዜ በአፈር፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በገዛ ጩኸታችን ሸፈንነው።

ሱፊያን ጋ ሄጄ ኮፒ አለህ ወይ አልኩት። ወላሂ የለኝም፣ ስንት ጊዜ ለመንኩት፣ እምቢ አለኝ አለ። የሆነውን ስነግረው በርጩማው ላይ ተቀመጠና ደንበኛ ገብቶ ሲወጣ ቀና ብሎ አላየም። በኋላ ነው ለቅሶው ካሴቱን ሞልቶታል ወይ ብሎ የጠየቀኝ። ካልሞላ ከለቅሶው ወዲያ ያለው እንዳለ ነው፣ አይነካም አለኝ። ሮጬ ወደ ጋሼ ተመለስኩ። የመጀመሪያው ገጽ አልቆ፣ ገልብጠው ሁለተኛውን ጀምረው ነበር። የኖፓ ዘመዶች እየጮኹ ሲገቡ ቴፑ ቀጥ አለ። ድንጋዩ አለቀ እንጂ ለቅሶውስ መች አለቀ አሉኝ። ምን ያህል እንደሄደ ግን አያውቁም። መብራት የሄደበት ደግሞ ሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ነው፤ ይህን ሱፊያን እርግጠኛ ነው።

እንግዲህ እህቴ፣ ላኪልኝ ያልሽኝ ካሴት በራስሽ ሻንጣ ውስጥ ነው ያለው።

በዚያው ደብዳቤሽ ላይ ያን የለቅሶ ካሴት አንድ ጊዜ ከፍተሽ፣ እማዬ ኢልማ ኮ፣ ልጄን ብላ ስትጮኽ ገና ከመጀመሪያው አጥፍተሽ፣ ከዚያ ወዲህ ልትነኪው እንዳልቻልሽ ጽፈሻል። ወይ እጥለዋለሁ፣ ወይ ቀዳዳው ተደፍኖ ስላገኘሁት መዝሙር እቀዳበታለሁ ብለሻል። ቢሊሴ፣ እማዬ ባጠባችሽ ጡት እለምንሻለሁ፣ አትጣይው። አትቅጂበት። ጥለሽው ከሆነም አልቀየምሽም፤ እኔም አንቺን ብሆን ከዚያ ጩኸት ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ማደር አልችልም ነበር።

ካለ ግን ገልብጪና ሁለተኛውን ገጽ ክፈቺው። ለቅሶውን እንዳትሰሚ ጆሮሽን ያዢ፣ ውሃ ክፈቺበት፣ የፈለግሽውን አድርጊ፣ እንዳታጠፊው ብቻ። መጨረሻው ላይ የሰዉ ድምፅ እየቀጠነ፣ እየተጣደፈ ይመጣል፤ ድንጋይ ሲደክም የተቀዳ እንዲያ ይሆናል ብሎኛል ሱፊያን። ከዚያ ቀጭ ይላል። ከዚያ ወዲያ ዝናብ ከሰማሽ የጎሬ ቆርቆሮ ነው። ምናልባት አይዞሽ ቢሊሴ ያለሽ እዚያ ይኖራል፤ ምናልባትም የሚቀረው ጭብጨባው ብቻ ይሆናል። ስልክ ላይ እነግርሽ ነበር፤ ግን ወደ ሱፊያን ሱቅ የምትደውይው ለገና ነው፣ ያን ለት ደግሞ እማዬ መነጋገሪያውን ለማንም አትለቅም። ይህን ደብዳቤ በፖስታ እንዳልልከው እመቤትሽ ትከፍተዋለች ብለሽኛል። ለዚህ ነው በሊቺ እጅ የላክሁት፤ የሁሩሙ ልጅ ናት፣ አንቺ ወዳለሽበት ከተማ ሥራ አግኝታ መሄዷ ነው። ፈሪ ናትና አደራሽን አበርቻት።

የሚያንገበግበኝ የእማዬ ነገር ነው። ታውቂያለሽ፣ ሂካ ሲዘፍን አንድ ቀን ቆማ አልሰማችውም። አዝማሪ ሊሆንብኝ ነው፣ እንደ ሰው ልጅ ቢሮ አይገባም እያለች፣ ሲለማመድ በር ዘግታ ትወጣ ነበር። በቀደም ቡና ስንለቅም አጠገቤ ተቀምጣ፣ ሙት ዓመቱ ሲያልፍ ቴፑን ትፈቺልኛለሽ፣ የጎሬውን ትከፍቺልኛለሽ አለችኝ። ሰው ሁሉ እዚያ እንዲህ ዘፈነ፣ እንዲህ አደረገ ይለኛል፤ እናቱ ብቻ ነኝ ያልሰማሁት አለች። ለካስ ያን ቴፕ ጠቅልላ ስትጠብቅ የቆየችው ለዚህ ነው። ለቅሶውን ቅዱላት ያለችው ራሷ መሆኗን አስቢው። ይህን ካወቀች አትተርፍም። ጋሼም ማወቅ የለባቸውም፤ እሳቸው ለአንቺ ከሠሩት ሁሉ የሚኮሩበት ይህ ነው።

ስለዚህ ሂካ እዚያ ካለ፣ መጀመሪያ አንቺ እስኪበቃሽ ስሚው። እኛ ቀብረነዋል፤ አንቺ ምንም አልነበረሽም። ከዚያ ለራስሽ አስገልብጪና ካሴቱን ለጥምቀት በሚመጣ ሰው ስደጂልኝ፤ ጋሼ የቀዱትን ሱፊያን ቆርጦ አውጥቶ የሂካን ብቻ ያስቀርልኛል። ከሌለ ግን ለኔ ብቻ፣ በሱፊያን ሱቅ አድራሻ፣ የለም ብለሽ ጻፊ፤ ሌላ ቃል አትጨምሪበት። ቴፑን ከቁም ሳጥኑ አውርጄ እኔው ጥዬ እሰብረዋለሁ፣ ተበላሸ እላታለሁ። ከጎረቤት ተዋሺ ካለችኝ ምን እንደምመልስ እንጃ።

ሱፊያን በጣም ሰላም ብሎሻል፤ ያለፈው ሁሉ ይቅር ተብሏል በያት አለ፣ ምን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። እትዬ ጥሩ ሰላምታቸው ብዙ ነው፤ ክረምቱን ጉልበታቸውን አሟቸው ነበር፣ አሁን ተሽሏቸዋል። ፍስሐ ትራምፔቱን ከሰቀለው ወዲህ ግምጃ ቤት ተቀጥሯል፣ ሰላም በይልኝ ብሎሻል። ጋሼ ቀጀላ፣ ብርድ እንዳይመታሽ፣ ከማታውቂው ሰው ጋር እንዳትሄጂ፣ ለቅሶው ጥርት ብሎ ተሰምቶሽ ከሆነም ጻፊልኝ ብለውሻል። ተሰማኝ በያቸው። አብረውሽ ላሉት የአገር ልጆች ሁሉ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ።

እማዬ አሁን መጥታ ከጎኔ ተቀምጣለች። ማንበብ ባትችልም ብዕሩን በዓይኗ ትከተለዋለች። ይህንን ጻፊላት ብላኛል፦ እግዚአብሔር በቀኝ ያቁምሽ፣ በሰው አገር ፊት አይንሳሽ፣ አመድ አፋሽ አያድርግሽ። ለገና ስትደውይ ገንዘብ ሳትሰስቺ ለጥምቀት ደግሞ ደውይ። ያኔ ዓመቱ ወጥቷል። ቴፑን ተሸክሜ ሱፊያን ሱቅ እሄዳለሁ፣ የወንድምሽን የጎሬ ዘፈን በስልክ አሰማሻለሁ፣ እኔና አንቺ አብረን እንሰማዋለን። ጻፍሽው ወይ አለችኝ። ጻፍሁት አልኳት።

እህትሽ ኡርጂ ነገራ
መቱ፣ ኢሉባቦር
ኅዳር 1996 ዓ.ም.